የሀንቲንግተን በሽታ በአዋቂዎች ዘንድ ያለው ስርጭት

የሀንቲንግተን በሽታ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስና የአንጎል ሕዋሳትን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ የነርቭ ሕመም ነው። መንስኤው በ4ኛው ክሮሞዞም ላይ ባለ አንድ ጂን ውስጥ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ከልክ በላይ መደጋገሙ ነው፤ ድግግሞሹ 40 ከደረሰ፣ ዕድሜ የሰጠውን ሰው በሽታው አይምረውም። ጂኑን ከተሸከመ ወላጅ የተወለደ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ምልክቱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ልጆች ከተወለዱ በኋላ ነው። ሕመምተኛው ምላሱን አውጥቶ ለ10 ሴኮንድ ማቆየት ያቅተዋል፤ የሐኪሙን ጣት ሲጨብጥም እጁ ላም እንደሚያልብ ሰው ይጠብቅና ይላላል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የጥናቶች ትንተና ስርጭቱን በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካና በአውስትራሊያ ከ100,000 ሰዎች 5.7፣ በእስያ ደግሞ 0.4 አድርጎታል። የልዩነቱ አንዱ ምክንያት በአውሮፓውያን ዘንድ ጤነኛው ጂን ራሱ በአማካይ ረዘም ያለ ድግግሞሽ ያለው መሆኑ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ አደገኛው ወሰን መድረስ ይቀልላል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው የብሪታንያ ቆጠራ ነው። በቤተሰብ ሐኪሞች መዝገብ ላይ በተመሠረተው ጥናት፣ 21 ዓመት ከሞላቸው 100,000 ሰዎች መካከል በበሽታው መያዛቸው የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1990 5.4 ነበሩ፤ በ2010 ግን 12.3 ደርሰዋል። በሽታው ግን ተላላፊ አይደለም፤ በየዓመቱ አዲስ የሚመዘገቡትም በነዚያ ዓመታት ከሚሊዮን ሰው ወደ 7 ገደማ ሆነው ጉልህ ለውጥ አላሳዩም። ስለዚህ ጭማሪውን በከፊል የሚያስረዳው ሕሙማን ከበሽታው ጋር ረዘም ላለ ጊዜ መኖራቸው ይመስላል። ጂኑ በ1993 ከተለየ በኋላም በደም ምርመራ ማረጋገጥ ተችሏል፤ ቀድሞ በእርጅና ይሳበብ የነበረው መንቀጥቀጥ ትክክለኛ ስሙን አግኝቷል። መድን እንዳይከለከሉ ወይም ልጆቻቸው ትዳር እንዳያጡ ሕመሙን የሚሸሽጉ ቤተሰቦች ስላሉ፣ የተመዘገበው ቁጥር ከእውነተኛው ማነሱ አይቀርም። አኃዞቹን ማነጻጸርም ጥንቃቄ ይጠይቃል፦ የብሪታንያው ለአዋቂዎች ብቻ ሲካፈል ብዙዎቹ ቀደምት ስሌቶች ሕፃናትንም ይጨምራሉ።

ብሔራዊ አማካይ ደግሞ የአካባቢን መከራ ይሸፍናል። በቬንዙዌላ በማራካይቦ ሐይቅ ዳርቻ ባሉ መንደሮች፣ በዓለም ከታወቀው ሁሉ የበለጠ ሕሙማን ተከማችተው ይኖራሉ። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ የሀንቲንግተንን ምልክት ከሚያሳዩ ጥቁር ሕሙማን ከፊሎቹን የያዛቸው በሌላ ጂን የሚመጣ ተመሳሳይ በሽታ ነው፤ የደም ምርመራ በሌለበት ሁለቱ በአንድ ስም ይቆጠራሉ።