«ዶዝ» ስንል

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደውላ «ሁለተኛ ዶዝ ላይ ነኝ» ስትለኝ የምትወጋው ልክ የጨመረ መስሎኝ ደነገጥኩ። የክብደት መቀነሻውን መርፌ፣ ዊጎቪን፣ ከጀመረች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ለካ ሁለተኛ መርፌዋን ማለቷ ነው! «ዶዝ» የሚለው ቃል ሥር በግሪክ «መስጠት» ነው፤ በኮቪድ ክትባት ጊዜ እኛ ዘንድ ተራ ቁጥር መቁጠሪያ ሆነ። እዚህ ላይ ግን መምታታቱ ያሰጋል። ዊጎቪ በሳምንት አንዴ በ0.25 ሚሊግራም ይጀመራል፤ ማቅለሽለሹ እንዳይበረታ ወደ 0.5 የሚኬደው ከ4 ሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ ለሚወጋው ልክ «መጠን»፣ ለየሳምንቱ መርፌ «ዙር»፣ ልኩ ከፍ ለሚልበት ደረጃ «እርከን» ብንል እመርጣለሁ። ይህን ስነግራት መርፌውን የምትመዘግብበትን ደብተር በስልክ አሳየችኝ፦ ቀን፣ ክብደት፣ የተወጋችበት ጎን። «ዶዝ 2» ያለችውን ሰርዛ «መጠን 0.25፣ ዙር 2» ብላ ጻፈች።