ከሴጎቪያ እስከ ማርቫው፦ በተባረሩት መንገድ ላይ በሳይክል

ወደ ስፔን በሳይክል ልንሄድ ነው ስንል ከማኅበራችን አባቶች አንዱ፣ «ልጆቼ፣ እኛ ከጎንደር እስከ ሱዳን በእግራችን የመጣን ሰዎች ነን። እናንተ ደሞ ስፔን ምን ጥላችሁ ነው የምትፈልጉት?» አሉን። ሳቅን እንጂ መልስ አልሰጠናቸውም፤ እኛም ገና አላወቅነውም ነበርና። ይህ ጽሑፍ ለአባታችን ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

መንገዳችን ከ400 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ከሴጎቪያ ከተማ ተነስቶ በአቪላ፣ በኤርባስና በፕላሴንሲያ አልፎ ከፖርቱጋል ድንበር ማዶ ባለችው በማርቫው ያበቃል። የመረጥነው ለውበቱ ብቻ አይደለም። በ1492 ከስፔን ከተባረሩት አይሁድ ብዙዎቹ በእግርና በአህያ የተጓዙት ወደ ፖርቱጋል ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ወሩም ጁላይ ነበር፤ እኛም በጁላይ ሄድን።

አራት ወር ብቻ

ንግሥት ኢሳቤላና ንጉሥ ፈርዲናንድ የማባረሪያውን አዋጅ በግራናዳ የፈረሙት ማርች 31 ቀን 1492 ነው። አይሁዳዊ የሆነ ሁሉ እስከ ጁላይ መጨረሻ ከአገር እንዲወጣ፣ ወርቅ፣ ብርና ገንዘብም ይዞ እንዳይሄድ ታዘዘ። የተጠመቀ ግን መቅረት ይችል ነበር። ለአዋጁ የተሰጠው ምክንያት፣ አይሁድ ቀደም ሲል ክርስትና የገቡትን ወገኖቻቸውን ወደ ኦሪት ይመልሷቸዋል የሚል ነው።

ሴጎቪያ የጀመርነው በዚህ ምክንያት ነው። ኢሳቤላ በ1474 ንግሥት የተባለችው በዚህች ከተማ ነው። ጎብኚ ሁሉ የሚያየው ሮማውያን ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረቡ የሠሩትን ትልቁን የውሃ መተላለፊያ ድልድይ ነው። እኛ ግን ወደ ጠባቡ የአይሁድ ሰፈር ገባን። ትልቁ ምኩራብ ዛሬ ኮርፑስ ክሪስቲ የሚባል ቤተ ክርስቲያን ነው።

በዚህ ሰፈር የሚታወቀው አብርሃም ሴኔዎር የቤተ መንግሥቱ ገንዘብ ሰብሳቢና የአይሁድ ዋና አለቃ ነበር። አዋጁ ሲወጣ ዕድሜው የገፋ ሰው ነው። በጁን 1492 ተጠመቀ፤ ክርስትና ያነሱትም ንጉሡና ንግሥቲቱ ራሳቸው ናቸው። የሥራ ባልደረባው ይስሐቅ አባርባነል ግን፣ ዛሬ በብዙ የእስራኤል ከተሞች መንገድ የተሰየመለት እርሱ፣ ሀብቱንና ሹመቱን ትቶ ወጣ። በአንድ ቤተ መንግሥት የሠሩ ሁለት ሰዎች በሁለት መንገድ ሄዱ። የቀረውን ለመፍረድ አንቸኩልም፤ አራት ወር ተሰጥቶት ያልተፈተነ ሰው ቢፈርድ አያምርበትም።

ከከተማው ግንብ ባሻገር፣ ከትንሽ ሸለቆ ማዶ፣ የጥድ ዛፍ የለበሰ ኮረብታ አለ። የአይሁድ መቃብር የነበረው እዚያ ነው። የሴጎቪያ አይሁድ ከቤታቸው ወጥተው የመጨረሻ ቀናቸውን በዚያ መቃብር መካከል እያለቀሱ እንዳሳለፉ የከተማው ታሪክ ጸሐፊ ጽፎታል። ሳይክሎቻችንን ዛፍ ላይ አስደግፈን ዝም ብለን ቆምን። የአያቶቻቸውን መቃብር ትተው የወጡ ሰዎች ልጆች ስለሆንን ማንም እንዲያስረዳን አላስፈለገንም።

ዳገቱና ሜዳው

ከሴጎቪያ ወደ አቪላ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በግራ በኩል ተራራው አብሮህ ይሄዳል፤ በቀኝ የታጨደ የስንዴ ማሳ እስከ ዓይን መጨረሻ ይዘረጋል። በየመንደሩ የቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ሽመላ ጎጆ ሠርታለች። በስፔን ሕግ መኪና ሳይክል ሲቀድም ቢያንስ ሜትር ተኩል መራቅ አለበት፤ አብዛኛው ሾፌርም ያከብረዋል። ሳይክል ለዚህ አገር የልጅ መጫወቻ ብቻ አይደለም። በ1988 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው ፔድሮ ዴልጋዶ የሴጎቪያ ልጅ ነው፤ በ2008 ያሸነፈው ካርሎስ ሳስትሬም ያደገው በአቪላ አካባቢ ነው። ዳገቱን ስንወጣ ምክንያቱ ገባን!

አቪላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,100 ሜትር ከፍ ያለች፣ ዙሪያዋን በግንብ የታጠረች ከተማ ናት። የቅባላ ትልቅ መጽሐፍ ከሆነው ከዞሃር ጋር ስሙ የሚነሳው ራቢ ሙሴ ደ ሌዎን በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እዚህ ኖሯል። በማግስቱ ወደ ኤል ባርኮ ሄድን። ከተማዋ በባቄላ ዓይነቷ የታወቀች ናት፤ በስፔንኛ የዚህ እህል ስም «ኹዲያ» ነው። ቃሉ ያው «አይሁዳዊት» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ዓይነት ነው። የሱቁ ሴትዮ ከየት እንደመጣን ሲሰሙ ሳቅ ብለው አንድ ከረጢት ሰጡን።

ሦስተኛው ቀን በቤኻር በኩል ነበር። እስራኤል ውስጥ ቤዣራኖ የሚባል ቤተሰብ የምታውቁ ከሆነ ስሙ የመጣው ከዚህች ተራራማ ከተማ ነው፤ ቶሌዳኖም ከቶሌዶ እንደመጣው ማለት ነው። ሰዎቹ ከተማቸውን ተቀሙ፤ ስሟን ግን ይዘው ሄዱ።

በዚህ መንገድ የነበረውን ስቃይ የጻፈልን አይሁዳዊ አይደለም። አንድሬስ ቤርናልዴስ የሚባል ቄስ ነው፤ አይሁድን የሚወድ ሰውም አልነበረም። እርሱ እንደጻፈው ቤት በአንድ አህያ፣ የወይን ቦታ በጥቂት ጨርቅ ተሸጧል። ከመውጣታቸው በፊት ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆቻቸውን ሁሉ እርስ በርስ አጋቡ፣ እያንዳንዷ ልጅ በባል ጥላ ሥር እንድትሄድ ብለው። መንገድ ላይ አንዱ ይወድቃል፣ አንዱ ይነሳል፤ አንዷ ትወልዳለች፣ ሌላው ይሞታል። ራቢዎቹም ሕዝቡ እንዳይከፋው ሴቶችና ልጆች ከበሮ እየመቱ እንዲዘፍኑ ያደርጉ ነበር። ይህን ማታ ማታ ጮክ ብለን ስናነብ ከመካከላችን አንዷ፣ «ይሄ እኮ እማዬ የምትነግረኝ ነው» አለች።

ጭስ የሌለበት ሰንበት

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቁልቁለቱን ወርደን ኤርባስ ደረስን፤ ሰንበትንም እዚያ አረፍን። ኤርባስ በአምብሮዝ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የድሮው የአይሁድ ሰፈር ቤቶች የተሠሩት ከጭቃ ጡብና ከዛፍ እንጨት ነው፤ ላይኛው ፎቅ መንገዱ ላይ ስለሚወጣ ሁለት ሳይክል ጎን ለጎን አያሳልፍም። እንጨትና ጭቃ ያየች አንዲት ጓደኛችን የአያቷን ቤት አስታወሰች።

በዚያ ሰንበት የተወያየነው ስለ ጭስ ነው። ተጠምቀው የቀሩት አይሁድ ኑሯቸው ሰላም አላገኘም። የኢንኩዊዚሽን ፍርድ ቤት በድብቅ ኦሪትን የሚጠብቅ ሰው የሚታወቅባቸውን ምልክቶች ለሕዝቡ ያስነግር ነበር፦ በሰንበት ንጹሕ ልብስ መልበስ፣ የአሳማ ሥጋ አለመብላት፣ ዓርብ ማታ እሳት አለማንደድ። ጎረቤት የጎረቤቱን ጣሪያ እያየ ቅዳሜ ጭስ አለመውጣቱን ይቆጥር ነበር። በእኛም አገር ወላጆቻችን ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን ያጠፉና ሰንበትን ቀዝቃዛ ምግብ ይበሉ ነበር። ጭስ የማይወጣበት ጎጆ የቤተ እስራኤል ጎጆ መሆኑን ጎረቤት ያውቃል። ሁለቱ ሕዝቦች አይተዋወቁም፤ ምልክታቸው ግን አንድ ነበር።

በሩና ልጁ

ከኤርባስ በኋላ መንገዱ ሌላ ነው። በመጀመሪያ ባቡር ቀርቶበት ለእግረኛና ለሳይክል በተተወ የድሮ ሐዲድ መስመር ወደ ፕላሴንሲያ ወረድን። ከዚያ ኤክስትሬማዱራ ሙቀቷን ለቀቀችብን፤ 40 ዲግሪ ተጠጋ። ከወይራ ዛፍና ከጥቁር አሳማ መንጋ በቀር ጥላ የፈለገ የለም። በጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ውሃችን አለቀ፤ አንድ ገበሬ ከጉድጓዱ ቀድቶ አጠጣን። ከዚያም በቫሌንሲያ ደ አልካንታራ በኩል ድንበሩን ተሻግረን፣ በገደል ላይ ወደተሠራችው ማርቫው ወጣን። ቤርናልዴስ ስደተኞቹ ከገቡባቸው በሮች አንዱ ብሎ የጻፋት ይህችን ናት።

በሩ ላይ ቀረጥ ነበር። የፖርቱጋል ንጉሥ ለአብዛኛው ሰው በነፍስ ወከፍ 8 ክሩዛዶ አስከፍሎ የስምንት ወር ፈቃድ ሰጠ። በ1497 ደግሞ ተከታዩ ንጉሥ አይሁድን በግድ አስጠመቀ። ዕድል የቀናቸው ወደ ሞሮኮ፣ ወደ ቱርክ ግዛትና ወደ ግብፅ ሄዱ።

የአባታችን ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው። በ1492 ከስፔን ከወጡት ልጆች አንዱ 13 ዓመት ገደማ የሆነው ዳዊት ቤን ዚምራ ነበር። ይህ ስደተኛ ልጅ አድጎ ራድባዝ የተባለው ታላቅ ራቢ፣ በካይሮም የግብፅ አይሁድ መሪ ሆነ። አንድ ቀን ጥያቄ ቀረበለት። በሐበሻ ምድር በነበረ ጦርነት ባሏ የሞተ፣ ተማርካ ግብፅ ውስጥ ባሪያ ሆና የተሸጠች ሴትና ልጇ እስራኤላዊ ናቸው ወይስ አይደሉም? ራድባዝ ከሐበሻ የመጡት እነዚህ ሰዎች ያለ ጥርጥር ከእስራኤል ዘር፣ ከዳን ነገድ መሆናቸውን ጻፈ። የቃል ሕግን ባለማወቃቸው አልወቀሳቸውም፤ በአሕዛብ መካከል ተማርኮ እንዳደገ ሕፃን ቆጠራቸው። ጋብቻና ፍቺን በተመለከተ ግን ጥርጣሬ አንስቷል፤ ይህንንም መደበቅ አያስፈልግም።

ራድባዝ በ1573 በጽፋት አረፈ። ከ400 ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን ሲወስኑ ከተደገፉባቸው ዋና ምስክሮች አንዱ ይህ ጽሑፍ ነው። በ1975 የመመለስ ሕግ ለእኛም ሠራ። ከዚያ በኋላም ወላጆቻችን ይሁዲነታችሁን አረጋግጡ ተብለው ልባቸው ተሰብሯል። ቢሆንም በሩ የተከፈተበት ቁልፍ አንድ ተባራሪ ልጅ በሕይወት ደርሶ የጻፈው ወረቀት ነበረበት። ያ ልጅ መንገድ ላይ ቢቀር ኖሮ ብለን እናስባለን። በእኛም መንገድ ወደ ሱዳን ሲወጡና በዚያው መጠለያ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን ቀርተዋል። ከእነሱ ጋር ምን እንደቀረ ማን ያውቃል?

ስንመለስ ለአባታችን ይህን ሁሉ ነገርናቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና፣ «ታዲያ ያንን ልጅ መንገድ ላይ ማን አበላው? ማን ውሃ ሰጠው?» አሉ። መልስ አልነበረንም። እርሳቸው ግን የራሳቸውን መንገድ ያውቁታል፤ አንዲት ሴት ሌሊት እንጀራ እንደሰጠቻቸው፣ ስሟንና መንደሯን ጭምር ነገሩን። ጻፍነው።

ወጣቶች፣ ሳይክል ያላችሁ በሚቀጥለው ዓመት አብራችሁን ኑ። ሳይክል የሌላችሁም እቤት ያሉትን እናትና አባት፣ አያት ጠይቁ፦ መንገድ ላይ ማን አበላችሁ? የቄሳቸውን፣ የመሪያቸውን፣ ውሃ የሰጣቸውን ሰው ስም ጽፋችሁ ለማኅበሩ አምጡ። ወላጆቻችንም እባካችሁ ንገሩን፤ እኛ እንሰማለን።