ጫኝና አውራጅ፡ የስያሜው ምንጭና አጠቃቀም

መርከብ የሚጭኑና የሚያራግፉ ሠራተኞች በአማርኛ ለእነርሱ ብቻ የተለየ ስም የላቸውም። የወደብ ሠራተኛ፣ ጫኝና አውራጅ፣ ተሸካሚ፣ ወዛደር፣ ኩሊ የሚሉት ቃላት እየተፈራረቁ ያገለግላሉ። ከባሕር ርቃ በምትገኘው ደብረ ማርቆስ በእህል መጋዘንና በመናኸሪያ የሚሠሩትም በእነዚሁ ቃላት ይጠራሉ። ሥራውም ቢሆን የተያያዘ ነው፤ በጅቡቲ ከመርከብ የወረደ ማዳበሪያ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ምሥራቅ ጎጃም ሲደርስ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ይወጣል።

“ጫነ” የሚለው ግስ ከግዕዙ “ጸዐነ” ጋር ይዛመዳል። በቀድሞው አነጋገር በቅሎ ወይም አህያ ማሰናዳትን የሚመለከት በመሆኑ ጫኙ የሚያስጭን እንጂ የሚሸከም አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ በዛሬዋ የጁቤ አካባቢ ይቆም በነበረው የባሶ ገበያ ሸቀጡ የሚጓጓዘው በአጋሰስ ነበር። ሸክሙ ወደ ሰው ጀርባ የተዛወረው በመኪና ዘመን ይመስላል፤ የጭነት መኪና እንደ በቅሎ ዝቅ ብሎ አይጫንምና።

“ወዛደር” ከ“ወዝ” እና ከ“አደር” የተገኘ ሲሆን በወዙ የሚያድር ማለት ነው። አርሶ አደር፣ አርብቶ አደርና ወታደር (ወጥቶ አደር) የተመሠረቱትም በዚሁ መንገድ ነው። ቃሉ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የፖለቲካ ትርጉም ተጨምሮበት የአንድ መደብ መጠሪያ ሆነ፤ ወዝ ሊግ የተሰኘው ድርጅትም ስሙን ከዚሁ ወስዷል። “ኩሊ” ግን ከህንድ ቋንቋዎች በአውሮፓውያን በኩል የገባ ነው። ንቀት ያዘለ በመሆኑ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይመጥንም።

በሌሎች ቋንቋዎችም ስያሜው ከሥራው ጠባይ ይነሳል። የዓረብኛው “ሐማል” ከመሸከም፣ የእንግሊዝኛው “ስቲቨዶር” ደግሞ አጥብቆ መደርደርን ከሚያመለክት የስፓኝ ቃል የመጡ ናቸው።

የስያሜው ጉዳይ የቋንቋ ብቻ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 3 በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራን ሰው ከወሰኑ ውጪ ያደርጋል። በመሆኑም በአሠሪ የተቀጠረ “ሠራተኛ” ጉዳት ቢደርስበት በአዋጁ የሚጠይቀው አሠሪ አለው፤ በማኅበር ተደራጅቶ በውል የሚሠራ “ጫኝና አውራጅ” ግን ይህን ላያገኝ ይችላል። ደብዳቤ የሚያረቅ ባለሙያ ሁለቱን ቃላት አንዱን በሌላው እየተካ መጻፍ የለበትም። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ያለባለቤቱ ፈቃድ ዕቃ ይወርዳል፣ ዋጋም ይጫናል የሚል የነዋሪዎች ቅሬታ ሲሰማ የቆየ ቢሆንም፣ ጥፋቱን ለስያሜው ባለቤቶች በጅምላ መስጠት ተገቢ አይሆንም።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 152 የሚመለከተው መርከብ የሚጭኑና የሚያራግፉትን ነው፤ የመጋዘኑ ጫኝ በዚህ አይሸፈንም። ለእርሱ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው ስለ ሸክም ክብደት የሚናገረው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 128 ሲሆን፣ ለአንድ አዋቂ ወንድ ሠራተኛ ከ55 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ሸክም የተፈቀደ እንደሆነ በፍጥነት ወደዚያ እንዲወርድ ያሳስባል። የማዳበሪያ ከረጢት 50 ኪሎ ግራም ነው፤ አንድ ኩንታል ጤፍ 100።