እናትና አንደበት፦ እቴጌ መነን ሊበን በደብረ ታቦር ዘመን

የአንድን መንግሥት ወይም ድርጅት ስም የሚጠብቅ፣ ሐሳቡን ለሕዝብ የሚያደርስና የሕዝቡንም ስሜት ለበላዮቹ የሚያቀርብ ሠራተኛ ዛሬ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ይባላል። መጠሪያው በአገራችን መሥሪያ ቤቶች የተለመደው በቅርብ ዘመን ቢሆንም ሥራው ግን ከመጠሪያው እጅግ ይቀድማል። በገበያ ቀን ነጋሪት እያስጎሰመ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» የሚለው አዋጅ ነጋሪ፣ በተጣሉ መኳንንት መካከል የሚመላለሰው አማላጅ፣ በግብር አዳራሽ የሚያወድሰውና የሚወርፈው አዝማሪ፣ ደብዳቤ የሚጽፈው ደብተራ፣ ሁሉም በየድርሻቸው የዚህ ሙያ አባቶች ናቸው። ሆኖም በዘመነ መሳፍንት ታሪክ ውስጥ ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጥ ድርሻ እያላት ብዙ ጊዜ በዚህ ረገድ የማትታሰብ አንዲት ሠራተኛ አለች፤ እርስዋም የመስፍኑ እናት ናት። የዚህም ዋነኛ ምሳሌ የራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን ሊበን ናቸው። ስማቸው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት ከእቴጌ መነን አስፋው ጋር የሚመሳሰል በመሆኑ አንባቢ እንዳያደባልቃቸው ያስፈልጋል፤ በሁለቱ መካከል የመቶ ዓመት ያህል ርቀት አለ።

፩. የመስፍኑ ከተማ

ዛሬ የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ደብረ ታቦር ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ አቅራቢያ፣ በቀዝቃዛ ደጋ ላይ ትገኛለች። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከተማዋን የቆረቆሩት የየጁው ራስ ጉግሣ መርሳ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር ቤተ መንግሥት በስም ብቻ ሲቀመጡ፣ ሠራዊትና ግብር የሚታዘዘው ከዚህ ከመስፍኑ ከተማ ነበር። ቦታው የጎንደርን፣ የጎጃምንና የወሎን መንገዶች ለመቆጣጠር የሚያመች ስለሆነ ለጦር አለቃ የተመረጠ ነበር። ችግሩ ከጎንደር መራቁ ነው። ዛሬ በወረታ በኩል በሚያልፈው መንገድ ርቀቱ ከ150 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በዚያን ጊዜ የፈረስና የእግር ጉዞ ደግሞ መልእክተኛ ደርሶ እስኪመለስ ብዙ ቀናት ያልፉ ነበር።

በዚህ ርቀት ምክንያት የአገሪቱ ሥልጣን ሁለት ፊት ነበረው። ጉልበቱ በደብረ ታቦር፣ ክብሩና ቅዱስነቱ በጎንደር። ጉልበት ያለው ወገን ክብሩን ካላገኘ ሕዝቡ በልቡ አይገዛለትም። የየጁ መሳፍንት ከሰሎሞናዊው ዘር ባለመሆናቸው ዘውድ ሊጭኑ አይችሉም፤ ክርስትናቸውም ከአባቶቻቸው የቆየ ባለመሆኑ ዘወትር በጥርጣሬ ይታይ ነበር። ስለዚህ ይህ ቤት ከጋሻና ከጦር በተጨማሪ ስሙን የሚጠብቅለት ሰው ያስፈልገው ነበር።

፪. የአንድ ልጅ ሹመት

መነን የወሎው ባላባት የኢማም ሊበን አመዴ ልጅ ናቸው። በእስልምና ቤት ተወልደው ክርስትናን የተቀበሉት እኚህ ወይዘሮ ከየጁው አሉላ ዓሊን ወለዱ። በ1823 ዓ.ም ራስ ማርዬ ከትግራዩ ደጃዝማች ሰባጋዲስ ጋር በደብረ ዓባይ ሲዋጉ ሞቱ፤ የተተኩት ራስ ዶሪም ጥቂት ወራት ብቻ ቆይተው በሕመም አረፉ። የየጁ መኳንንትም ተማክረው ሹመቱን ገና የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ለነበረው ለዓሊ ሰጡ።

የዚህ ውሳኔ ትርጉም ሊታሰብ ይገባል። በዚያ ዘመን መስፍንነት በፈረስ ላይ ተቀምጦ ጦር መምራትን የሚጠይቅ ነበር። ልጁ ይህን እስኪችል ድረስ ሞግዚት የሆነው የየጁ መኳንንት ሸንጎ ሲሆን፣ በሸንጎው ላይ ያደረው ሥልጣን ግን የእናቲቱ ነበር። መነን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለት ሥራ ባለቤት ሆኑ። አንደኛው ልጃቸውን ማሳደግ፤ ሁለተኛው አገሩ ልጁን እንደ ሰው፣ እንደ መስፍን፣ እንደ ክርስቲያን እንዲቀበለው ማድረግ። ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው ጋር የተጣበቀ ነበር፤ በዘመነ መሳፍንት ከሥልጣን የወረደ ልጅ በአብዛኛው መጨረሻው እስር ወይም ሞት ነውና። ስለሆነም የመነንን ድካም በሥልጣን ወዳድነት ብቻ መተርጐም ታሪኩን በግማሽ ማንበብ ይሆናል።

፫. ዘውድ፣ ቤተ ክርስቲያንና ጋብቻ

መነን ያገኙት የመጀመሪያው ትልቅ ድል ያለ ጦር የተገኘ ነው። በ1832 ዓ.ም ገደማ የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ልጅ የሆኑት ዮሐንስ ሳልሳዊ በጎንደር ዙፋን ሲቀመጡ መነን አግብተዋቸው እቴጌ ተባሉ። በዚህ ጋብቻ የየጁ ቤት ሊወልደው የማይችለውን ክብር በጋብቻ አገኘው። ልጁ በደብረ ታቦር ጋሻውን ይዞ ሲቀመጥ፣ እናቱ በጎንደር ዘውዱ አጠገብ ተቀመጡ። ከላይ የተገለጹት የሥልጣን ሁለት ፊቶች በእናትና በልጅ አማካይነት ተገናኙ ማለት ነው። በሌላም በኩል የወሎ ዘመዶቻቸው የእናቲቱን ቤት እንደ ድልድይ ይጠቀሙበት ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ የሃይማኖት ነበር። በራስ ዓሊ ዘመን በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ አብያተ ክርስቲያናት ታንጸዋል፤ ከእነዚህም በተራራው ላይ ያለው የኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን እና እናቲቱ ማርያም ይጠቀሳሉ። ቤተ ክርስቲያን መሥራት የጽድቅ ሥራ መሆኑ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ለዚያ ቤት ደግሞ ለሕዝብ የሚነገር መልስ ነበር። የልጁ ጠላቶች «ዓሊ ክርስትናው የላላ ነው፤ ልቡ ከእስላም ዘመዶቹ ጋር ነው» የሚለውን ወሬ በየአውራጃው ይነዙ ነበርና።

የወሬው ጉልበት በ1834 ዓ.ም ታየ። የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም፣ ከግብፅ አዲስ የመጡትን አቡነ ሰላማን ከጎናቸው አሰልፈው፣ የሃይማኖትን ነገር ሰንደቅ አድርገው ወደ ደብረ ታቦር ዘመቱ። በተደረገው ውጊያ ድሉ መጀመሪያ የውቤ ሆነ፤ ራስ ዓሊም ሸሹ። ነገር ግን ውቤ በድንኳናቸው ድላቸውን ሲያከብሩ የዓሊ ወገን የሆኑት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ በድንገት ደርሰው ማረኳቸው። ዓሊ የጠፋውን ሥልጣን በአንድ ቀን መለሱ፤ ውቤንም ታርቀው ወደ ግዛታቸው ሰደዱ። ወሬው ግን እንደ ውቤ ተማርኮ አልታረቀም። ከአቡነ ሰላማ ጋር የነበረውም ግንኙነት በቤተ ክርስቲያን የሃይማኖት ክርክር ምክንያት እየሻከረ ሄዶ በ1838 ዓ.ም አቡኑ ከጎንደር እንዲወጡ ተደረገ። እናትና ልጅ የሃይማኖት ሐሜትን ለማጥፋት ዓመታት ደክመው ሲያበቁ የቤተ ክርስቲያኒቱን አለቃ ማራቃቸው ለጠላቶቻቸው የተመቸ ማስረጃ ሆነ።

ሦስተኛው መሣሪያ ጋብቻ ነበር። በ1831 ዓ.ም ገደማ የደምቢያና የቋራ ገዥ ደጃዝማች ክንፉ ሲሞቱ ደምቢያ ወደ መነን እጅ ገባ። የክንፉ ወንድም ካሳ ኃይሉ ግን የርስቱ ድርሻ እንደተነፈገ አድርጎ በመቁጠር ሸፍቶ በቋራ ቆላ ጉልበቱን አበረታ። በጦር ሊያሸንፉት የሚያስቸግር ሽፍታ በዝምድና ይታሰራል በሚለው የዘመኑ ብልሃት መሠረት የራስ ዓሊ ልጅ፣ የመነን የልጅ ልጅ ወይዘሮ ተዋበች ለካሳ ተዳረች። ካሳም ገብቶ በእቴጌይቱ ሥር ሆነ።

፬. የኮሶ ነገር

እስከዚህ ድረስ የመነን አሠራር እንከን የሚገኝበት አይመስልም። መፍረስ የጀመረው ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ የፈረሰውም በሌላ እናት ስም ነው።

የካሳ እናት ወይዘሮ አትጠገብ ይባላሉ። ከባላቸው ከተለዩ በኋላ በችግር ላይ ወድቀው ኮሶ እየሸጡ ልጃቸውን አሳደጉ እየተባለ ይነገር ነበር። ኮሶ በደጋው አገር የሚበቅል ዛፍ አበባው የሆድ ትል መድኃኒት ነው፤ በመራራነቱ የታወቀ ነው፤ ንግዱም የድኻ ሴቶች ንግድ ነበር። የካሳ ጠላቶች ይህን ይዘው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» አሉት። በጎንደር ቤተ መንግሥት ካሳ እንደ አማች ሳይሆን እንደ ሎሌ ታየ፤ ንቀቱም ሳይውል ሳያድር ወደ ሁለተኛ ሽፍትነት መለሰው። በ1839 ዓ.ም መነን ደጃዝማች ወንድይራድን ሲልኩበት፣ ወንድይራድ የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዘው እንደሚመጡ ፎክረው መሄዳቸው ይተረካል። ድሉ የካሳ ሆነ። ፎካሪውም ተማርከው የተዘባበቱበትን ኮሶ እንዲጠጡ ተደረጉ ይባላል።

ታሪኩ ለሰሚ ስለሚጣፍጥ እስከ ዛሬ ሲነገር ይኖራል፤ ክብደቱ ግን ከጨዋታነቱ ይበልጣል። በዚያ ዘመን ከነበሩት እናቶች አብዛኞቹ ወደ አትጠገብ እንጂ ወደ መነን የሚቀርቡ አልነበሩም። ስድቡ ካሳን ለማዋረድ የተነገረ ቢሆንም የሰሙት ግን ልጆቻቸውን በጉልት ንግድ፣ በእንጨት ለቀማና በወፍጮ የሚያሳድጉ ሁሉ ነበሩ። ድኻው ሕዝብ በካሳ ውስጥ የራሱን ልጅ አየ። ለልጃቸው ስም ለዓመታት የደከሙት እናት፣ የሌላዋ እናት ስም በአዳራሻቸው ሲዘለፍ አለመከልከላቸው ከስህተታቸው ሁሉ የከፋው ሆነ። «ያፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ካሳ በጥር ወር ገደማ ጎንደር ገባ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር እቴጌ መነን ራሳቸው ጦር ይዘው ከጣና ሰሜን ቢዘምቱ ከባላቸው ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ተማረኩ። ራስ ዓሊ ከደብረ ታቦር የሰጡት መልስ የልጅ መልስ ነው፤ እናታቸው እንዲለቀቁ የካሳን ደጃዝማችነትና ግዛት አጸደቁ። እናት ልጅዋን ለማቆም ያሰባሰበችውን ሥልጣን ልጅ እናቱን ለማስለቀቅ ከፈለው። በመስፍንነት ሚዛን ጉዳት ነበር፤ በሰውነት ሚዛን ግን ከዚያ ቤት ሥራዎች ሁሉ የማያሳፍረው ይህ ነው።

ዓሊ ከዚያ በኋላም ለስድስት ዓመት ገዙ፤ የቤቱ ድምፅ ግን እየደከመ ሄደ። በ1842 ዓ.ም የእንግሊዙ ቆንሲል ዋልተር ፕላውደን የወዳጅነትና የንግድ ውል ይዘው ሲቀርቡ፣ ራስ ዓሊ ውሉ ጉዳት ባይኖረውም ጥቅሙ እንደማይታያቸው መናገራቸውን ቆንሲሉ ጽፈዋል። ዓለም ወደ ቀይ ባሕር ፊቱን በሚያዞርበት ሰዓት የደብረ ታቦር ቤት ለውጭውም የሚነግረው፣ ከውጭም የሚሰማው አጥቶ ነበር። ሰኔ 23 ቀን 1845 ዓ.ም በዓይሻል ጦርነት ደጃዝማች ካሳ ድል አደረጉ፤ ራስ ዓሊም ወደ የጁ ሸሽተው ሥልጣናቸው በዚያው አበቃ። በየካቲት 1847 ዓ.ም ካሳ ሕዝቡ ከትንቢት ጋር አያይዞ ሲጠብቀው የኖረውን «ቴዎድሮስ» የሚለውን ስም ይዘው ነገሡ። ከቋራ ጀምሮ ስለ ስማቸው ሲዋጉ የኖሩት ሰው በአንዲት ቃል ምን ያህል እንደሚነገር አውቀውት ነበር። ለማሰሪያነት የተሰጠችው ተዋበችም በ1850 ዓ.ም እስክታርፍ ድረስ ከአባትዋና ከአያትዋ ይልቅ ለባልዋ የታመነች ሆና ኖረች።

፭. የሚቀረው ፍርድ

ስለ እቴጌ መነን በዜና መዋዕል የተጻፈው አብዛኛው ከአሸናፊው ወገን የመጣ ነው። ስለሆነም ትዕቢታቸው በሰፊው ሲነገር ድካማቸው በአጭሩ ይታለፋል። አንድን ልጅ ከሸንጎ፣ ከጦርነትና ከሐሜት ጠብቀው ለአካለ መጠን ማድረሳቸው፣ በዚያ ወንበር ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ማቆየታቸው፣ የተለያየ ሃይማኖትና ወገን ያላቸውን ቤቶች በአንድ ማዕድ ማሰባሰባቸው ቀላል ሥራ አልነበረም። ከእርሳቸው በፊት ከነበሩት የየጁ መሳፍንት ማርዬና ዶሪ ያን ወንበር የያዙት ለአጭር ጊዜ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ይሁንና ለእናት የሚሰጠው ምስጋና የባለሙያውን ጉድለት አይሸፍንም። መነን የቤታቸውን ቃል ወደ ውጭ በማውጣት የተካኑ ነበሩ። በጎንደር ገበያ፣ በቋራ ቆላና በአቡኑ ደጅ የሚነገረውን ወደ ቤት ማስገባት ግን አልሆነላቸውም፤ ወይም ከገባ በኋላ አልተቀበሉትም። ልጅን የሚወድ ሰው በልጁ ላይ የሚነገረውን ክፉ ለመስማት ይከብደዋል። ይህ በእናት ዘንድ የሚወደድ ድካም ነው፤ ስም ጠባቂ ሆኖ ለተቀመጠ ግን አደጋ ነው።

ደብረ ታቦር ከራስ ዓሊ በኋላ የዐፄ ቴዎድሮስ ከተማ ሆና፣ በአጠገብዋ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠርቶ ወደ መቅደላ የተጎተተው ከዚያው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በጥቅምት 1860 ዓ.ም ከተማዋን አቃጥለው ሲሄዱ፣ በአንድ ወቅት በየገበያው ይወድዳቸው የነበረው ሕዝብ ከእሳቸው ርቆ ነበር። የኮሶ ሻጯ ልጅ የሰማውን የሕዝብ ድምፅ ንጉሡ መስማት ተስኗቸው ነበር። ሁለቱ ጠላቶች፣ ቤቱን የመሠረቱት እናትና ቤቱን ያፈረሱት ንጉሥ፣ በአንድ ጉድለት ተገናኙ። የሕዝብ ግንኙነትን ሥራ በሙያነት የያዘ ሁሉ ከዚህ የደጋ ከተማ ታሪክ የሚወስደው ነገር ካለ ይኸው ነው፤ የአሳዳሪውን ቃል ለሕዝብ ከማድረሱ በፊት የሕዝቡን ቃል፣ መራራም ቢሆን፣ ለአሳዳሪው ማድረስ አለበት።