ጅሬንና ቦንጋ

ጥንታዊ ከተማን ለማየት የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው የነገሥታቱን አዳራሽ ነው። በጅማ ይህን የሚፈልግ አይቸገርም፤ ከከተማው በላይ በጅሬን ኮረብታ ላይ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ ቆሟል። ነገር ግን ጎጀብን ተሻግሮ፥ ከጅማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደ ቦንጋ የሚደርስ መንገደኛ፥ በተራራና በደን የተከበበች ትንሽ ከተማ ያገኛል እንጂ የከፋ ነገሥታትን አዳራሽ ቆሞ አያየውም። ይህ ልዩነት ከምን እንደ መጣ መመርመር ይገባል።

የከፋ መንግሥት ብዙ ዘመን የኖረ ነበረ። ንጉሡ ታቶ ይባል ነበር፤ ሚክሬቾ የሚባሉ ሰባት መማክርትም ነበሩት። አገሩም በጥልቅ ጕድባና በኬላ የታጠረ ስለ ሆነ፥ እንግዳ ሳይፈቀድለት አይገባም ነበር።

አባ ጅፋር ለዳግማዊ ምኒልክ በሰላም ስለ ገበሩ አገራቸው ከጦር ዳነ፤ ጅማም የውስጥ አስተዳደሯን እስከ 1924 ዓ. ም. ጠብቃ ኖረች። የሕርማታ ገበያም ደራ፤ ይሁን እንጂ በዚያ ገበያ ከቡናና ከከብት ጋራ ሰውም ይሸጥ ነበር። የከፋው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ግን አልገብርም አሉ። በ1889 ዓ. ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከሌሎች የጦር አለቆች ጋራ ዘመቱባቸው፤ የአባ ጅፋርም ጦር ከዘማቾቹ መካከል ነበረ። ታቶ ብዙ ወራት በዱር ተሸሽገው ከቈዩ በኋላ በ1890 ዓ. ም. መባቻ ተማረኩ፤ ወደ ዙፋናቸውም አልተመለሱም።

ከንጉሡ መማረክ ይልቅ የሚያሳዝነው የሕዝቡ ነገር ነው። በጦርነቱና ከጦርነቱ በኋላ ብዙው ሞተ፥ ብዙው ተሰደደ፥ ብዙውም በባርነት ተወሰደ። አራሽ ያጣውን ማሳ ዳዋ ዋጠው፤ ዳዋውም ውሎ አድሮ ደን ሆነ።

ዛሬ ቦንጋን የሚጎበኝ ሰው ደኑን አይቶ ያደንቃል፤ ማድነቁም ተገቢ ነው። ቡና ሰው ሳይተክለው በጥላው ሥር ይበቅላል፤ ጉሬዛ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዘላል፤ ጎሽና ነብር፥ አንበሳም ይኖርበታል። በ2002 ዓ. ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የከፋን ምድር፥ ተፈጥሮው ከሰው ኑሮ ጋራ ተስማምቶ እንዲጠበቅ ከዓለም የባዮስፌር ሥፍራዎች ጋራ መዘገበው። ይህም ሁሉ የጥፋት ፍሬ ነው ማለት አይደለም፤ ከፋዎች ከጥንት ጀምሮ የሚያከብሩትና መጥረቢያ የማያሳርፉበት ዱር ነበራቸውና።

የጅሬንን አዳራሽ ያየ ሰው ከጦር የዳነው ምን እንደ ሆነ ወዲያው ይገባዋል። የቦንጋን ደን ያየ ግን የጠፋው ምን እንደ ሆነ ካልነገሩት አያውቅም፤ ዛፉ የበቀለበትን አይናገርምና። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሁሉ ከአራዊቱና ከቡናው በፊት የአገሩን ሽማግሌዎች ቢጠይቅ፥ የጕድባውንም ፍለጋ እንዲያሳዩት ቢለምን፥ ያን ጊዜ ከተማይቱን በእውነት ጐበኛት ይባላል።