«ስኩል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከወዴት መጣ?

ባለፈው ዓመት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ስለ ባሕር የሚናገር ምንባብ ስናነብ «ስኩል ኦፍ ፊሽ» የሚል ሐረግ አጋጠመን። አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ «የዓሣ ትምህርት ቤት» ብሎ ቢተረጕመው ክፍሉ በሙሉ በሣቅ አወካ። መምህራችን ግን አልሣቁም፤ «የሣቃችሁት ሁሉ የቃሉን ፍችና ምንጭ ፈልጋችሁ አምጡ» ብለው አዘዙን። ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን በምናከብርበት በዚህ መጽሔት ያገኘነውን ለአንባብያን ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

በመጀመሪያ የዓሣውን ነገር እንጨርስ። ይህኛው «ስኩል» መንጋ ማለት ሲሆን የመጣውም በመካከለኛው ዘመን ከነበረው የሆላንድ ቋንቋ ነው። ከትምህርት ቤቱ «ስኩል» ጋር በጽሕፈትም በድምፅም አንድ ይሁን እንጂ በዘር አይገናኝም። እኛም የበዓሉን «ገና» እና «ገና አልደረሰም» የምንለውን ገና በአንድ ዓይነት ፊደል እንጽፋለን።

የትምህርት ቤቱ «ስኩል» ምንጩ «ስኮሌ» የተባለ የግሪክ ቃል ነው። የሚያስደንቀው ግን ስኮሌ በመጀመሪያ ዕረፍት፣ ከሥራ ነፃ የሆነ ጊዜ ማለት መሆኑ ነው! ለፈተና ስናጠና ለምናድር ለእኛ ይህን ማመን ቀላል አልሆነልንም። ግሪኮች ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው ጊዜውን ለውይይትና ለዕውቀት ያውለዋል ብለው ስላሰቡ፣ ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ ውይይቱ፣ ከዚያም ውይይቱ ወደሚደረግበት ቦታ ተሸጋገረ። ሮማውያን «ስኮላ» ብለው ወሰዱት፤ ከላቲንም ወደ ጥንታዊው እንግሊዝኛ ገባ። ፈረንሳዮች «ኤኮል»፣ ኢጣልያኖች «ስኩኦላ» ይሉታል። አባቶቻችን ዘመናዊውን ትምህርት ቤት የጠሩበት «አስኳላ» የሚለው ቃልም የዚሁ ቤተ ዘመድ ነው።

ፈላስፋው አሪስጣጣሊስ «ሜታፊዚክስ» በተባለው መጽሐፉ፣ የሂሳብ ዕውቀት በግብፅ የተጀመረው ካህናቱ ትርፍ ጊዜ ስለ ነበራቸው ነው ይላል። ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያ ትርፍ ጊዜ ከወዴት መጣ? በግሪክ አገር በብዙ ቤት ሥራውን የሚሠሩት ባሮች ነበሩ፤ ስለዚህ የአንዱ ስኮሌ የሌላው ድካም ነበረ ማለት ነው።

እንግሊዞች በአንድ ሊቅ መንገድ የሚሄዱትንም ሰዎች «ስኩል» ይሏቸዋል። ይህን ስናነብ የአገራችን «ቤት» ትዝ አለን። የቅኔ ቤት፣ የዜማ ቤት እንላለን፤ በመጻሕፍት ትርጓሜም «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» ተብለው የሚለያዩ ሊቃውንት አሉ። የእኛው የቆሎ ተማሪ ግን ባሪያም ሀብትም አልነበረውም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የሚማርበትን ጊዜ የሚሰጠው ከራሱ ገበታ ቁራሽ የሚቆርስለት ገበሬ ነበር። አሪስጣጣሊስ ይህን አላየም፤ ቢያይ ኖሮ ምን ይጽፍ እንደ ነበር እያልን ብዙ ተከራከርን።

«የዓሣ ትምህርት ቤት» ያለው ጓደኛችን ከትምህርት ሰዓት በኋላ እስከ ምሽት በሱቅ ተቀጥሮ ይሠራ ስለ ነበር መዝገበ ቃላት የሚገልጥበት ጊዜ አልነበረውም። ይህን ያወቅነው ከሣቅንበት በኋላ ነው። ዘንድሮ በጥር ወር አባቱ ስለ ታመሙ እርሻውን ሊይዝ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ስለዚህ በዚህ መጽሔት በታተመው የክፍላችን ፎቶግራፍ ላይ የለም። በላክንለት ደብዳቤ የዓሦቹን ነገር ጨምረን ጽፈንለታል።