ማሽአፕ፦ በአማርኛ «ድቅል ቅንብር»

ማሽአፕ ማለት ተቀርጸው ካለቁ ከሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ዘፈኖች የተወሰደን ክፍል አጋጥሞ አንድ ወጥ ዘፈን ማድረግ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ ዘፋኝ ድምፅ ለብቻው ተነጥሎ በሌላው ዘፈን ሙዚቃ ላይ ያርፋል። ቅንብሩን የሚሠራው ዲጄ አይዘፍንም፤ መሣሪያም ላይጫወት ይችላል። ሥራው መምረጥ፣ መቁረጥና ማስማማት ነው። በዚህ ጽሑፍ «ድቅል ቅንብር» እንለዋለን።

ቃሉ ከጎረቤቶቹ ጋር ስለሚምታታ መጀመሪያ እንለየው። ሪሚክስ፣ ማለትም ዳግም ቅንብር፣ የአንድን ዘፈን ምት ወይም ርዝመት ይለውጣል፤ ዘፈኑ ግን ያው ዘፈን ሆኖ ይቀጥላል። ሳምፕል ከቆየ ቅጂ ተቆርጦ በአዲስ ድርሰት ውስጥ የሚገባ አጭር ቅንጫቢ ነው። በሠርግ አዳራሽ የለመድነው ሚክስ ደግሞ ዘፈኖችን ሳይቋረጡ ተራ በተራ ያያይዛል። በድቅል ቅንብር ግን ሁለቱ ዘፈኖች የሚሰሙት በአንድ ጊዜ ነው፤ አድማጩም ሁለቱንም ይለያቸዋል። ዲጄዎች ቡትሌግ የሚሉት ከእነዚህ ውስጥ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተሠራውን ነው።

እንዴት ይሠራል?

ሁለት ዘፈኖች ለመጋጠም ቢያንስ በፍጥነትና በቅኝት መስማማት አለባቸው። ፍጥነት በደቂቃ በሚመታው ምት ብዛት ይለካል፤ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ አንዱን ጥቂት ማፍጠን ወይም ማዘግየት ይበቃል። ቅኝት ይከብዳል። በባቲ የተዜመ ድምፅ በትዝታ ቅኝት በተቀነባበረ ሙዚቃ ላይ ቢያርፍ ድምፆቹ ይጋጫሉ። የምቱ አቆጣጠርም አለ፤ በችክችካ የተዘፈነን ዘፈን በአራት በሚቆጠር የዳንስ ምት ላይ የሚጭን ዲጄ ቃላቱ ከምቱ ሲያፈነግጡበት ያያል። ጥሩ ድቅል ቅንብር ጆሮና ትዕግሥት የሚጠይቅ እውነተኛ ሙያ ነው። ስለ ሥነ ምግባሩ ስንነጋገር ይህን መርሳት የለብንም።

ድሮ ትልቁ እንቅፋት የዘፋኙን ድምፅ ለብቻው ማግኘት ነበር። ዲጄው የሙዚቃ ኩባንያው ራሱ ያወጣውን አካፔላ፣ ማለትም ያለ ሙዚቃ የተቀዳ ድምፅ፣ መፈለግ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2019 የፈረንሳዩ የሙዚቃ ማሰራጫ ዲዘር ስፕሊተር የተባለውን ድምፅና ሙዚቃ ነጣይ ፕሮግራም በነፃ ለቀቀ። ተመሳሳይ መሣሪያዎችም ተከታተሉ። ዛሬ ከአሮጌ ካሴት የተቀዳ ዘፈን እንኳ በደቂቃዎች ውስጥ ሊነጠል ይችላል። ትናንት ዘፋኙ ድምፁን ለብቻው ካላወጣ የሚወስድበት አልነበረም፤ ዛሬ ያ አጥር ፈርሷል።

ከየት መጣ?

ስልቱ ስም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ፍሪላንስ ሄልሬይዘር በሚል ስም የሚታወቅ ዲጄ የክርስቲና አጊሌራን ድምፅ ከስትሮክስ ባንድ ጊታር ጋር አዋሕዶ መነጋገሪያ ሆነ። በዚያው ዘመን ሪቻርድ ኤክስ የአዲና ሃዋርድን ድምፅ በጋሪ ኑመን ባንድ የሲንተሳይዘር ሙዚቃ ላይ አሳረፈ። ለገበያ ሊያወጣው ሲፈልግ በሃዋርድ ድምፅ ለመጠቀም ፈቃድ አላገኘም። ስለዚህ ሹገቤብስ የተባሉት ዘፋኞች ግጥሙን እንደ አዲስ ዘፈኑለት። ያ ዘፈን በ2002 በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። የተከለከለ ድምፅ ሳይነካ ሐሳቡ ዳር ደረሰ።

ትልቁ ክርክር ግን በአሜሪካ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2004 ዴንጀር ማውስ በሚል ስም የሚሠራው ብራያን በርተን የራፐር ጄይ ዚን «ብላክ አልበም» ድምፅ ቢትልስ በ1968 ካወጡት፣ «ዋይት አልበም» ተብሎ ከሚታወቀው ሥራ ጋር አዋሕዶ «ግሬይ አልበም» አወጣ፤ ከጥቁርና ከነጭ ግራጫ መሆኑ ነው። የቢትልስን ቅጂ የያዘው ኢኤምአይ ሥርጭቱ እንዲቆም በጠበቆቹ በኩል አሳሰበ። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 24 ቀን ከመቶ በላይ የኢንተርኔት ገጾች አልበሙን በተቃውሞ በነፃ አሰራጩት። ጄይ ዚ አካፔላውን ያስወጣው ሰዎች እንዲሠሩበት ብሎ ነበር፤ የቢትልሱ ፖል ማካርትኒም እሱን ቅር እንዳላለው በኋላ ተናግሯል። ተቃውሞው የመጣው ከኩባንያው ነው። የፈጠራው ባለቤትና የመብቱ ባለቤት ሁልጊዜ አንድ ሰው እንዳልሆኑ ይህ ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

ሕጉ ምን ይላል?

እያንዳንዱ ዘፈን ሁለት መብት አለበት፦ የግጥምና የዜማው፣ እንዲሁም የቅጂው። ድቅል ቅንብር የሚሠራ ሰው ከሁለት ዘፈኖች አራት መብት ይነካል ማለት ነው። በአሜሪካ አንድን የታተመ ዘፈን እንደገና መዝፈን ለሚፈልግ ሰው ሕጉ በተወሰነ ክፍያ የሚያገኘው ፈቃድ አዘጋጅቷል። ቅጂውን ቆርጦ ለሚጠቀም ግን እንዲህ ያለ መንገድ የለም፤ እያንዳንዱን ባለመብት መለመን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1991 በራፐሩ ቢዝ ማርኪ ሳምፕል ላይ የፈረደው የኒው ዮርክ ዳኛ ውሳኔውን የጀመረው ከዐሠርቱ ትእዛዛት «አትስረቅ» የሚለውን በመጥቀስ ነበር። በሌላ በኩል በመቶ የሚቆጠሩ ቅንጫቢዎችን በአንድ አልበም ያሰባሰበው ገርል ቶክ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 «ኦል ዴይ» የተባለውን አልበም በነፃ ሲለቅ የተጠቀመባቸውን ሙዚቀኞች ዘርዝሯል። መከራከሪያውም በተወሰኑ ሁኔታዎች ያለ ፈቃድ መጠቀምን የሚፈቅደው፣ «ፍትሐዊ አጠቃቀም» የሚባለው የአሜሪካ ሕግ ነው።

በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ሁለት ዓይነት መብት ይሰጣል። አንዱ ኢኮኖሚያዊ ሲሆን ሥራውን ማባዛትንና ቀይሮ ማዘጋጀትን ይጨምራል። ሁለተኛው የሞራል መብት ነው፤ በስሙ መታወቅንና ሥራው እንዳይዛባበት መቃወምን ይይዛል።

ታዲያ ልክ ነው ወይስ ስህተት?

እኔ ድቅል ቅንብርን በጅምላ ሌብነት ማለት ትክክል አይመስለኝም። ሌባ የወሰደውን ይደብቃል፤ የዚህ ጥበብ ደስታ ግን አድማጩ ሁለቱን ምንጮች ማወቁ ላይ ነው። ግን ጥበብ ስለሆነ ብቻ ነፃ አይወጣም። መለኪያዎቹ ሦስት ይመስሉኛል።

አንደኛው ስም ነው። የድምፁም የሙዚቃውም ባለቤቶች መጠራት አለባቸው። ይህ ምንም ገንዘብ ስለማይጠይቅ ላለማድረጉ ምክንያት አይኖርም። ራፐሩ ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 «አዝ ዊ ኤንተር» ለተባለው ዘፈናቸው የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ሲጠቀሙ የሙላቱ ስም ከዘፈኑ ደራሲዎች ጋር ሰፍሯል። ይህ የሚገባው ለታዋቂው ብቻ አይደለም፤ ስሙ ለተረሳው የክራር ተጫዋችም ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ነው። ዲጄው ቤቱ ለልምምድ የሠራው፣ በአንድ ምሽት ያጫወተውና ማስታወቂያ እየገባበት በዩቲዩብ የሚያሰራጨው አንድ አይደሉም። ገንዘብ መምጣት ከጀመረ ድርሻም መምጣት አለበት። እዚህ ላይ የአቅም ልዩነት ይከብዳል። ከዓለም አቀፍ ኩባንያ ቅንጫቢ የወሰደ ወጣትና፣ ከሙዚቃው በቂ ገቢ ሳያገኝ ካረጀ ዘፋኝ የወሰደ ዲጄ በአንድ ሚዛን ሊቀመጡ አይችሉም። ኩባንያው ጠበቃ አለው፤ ሽማግሌው ያለው የዲጄው ሕሊና ብቻ ነው።

ሦስተኛው እምቢታ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ይኸው ነው። ድምፅ ከሰው አካል የሚወጣ ነገር ነው፤ ዘፋኙ ካላሰበው ሐሳብ ጋር ሲጋጠም ያልተናገረውን እንደ ተናገረ ያስመስለዋል። የመዝሙር ድምፅ ተነጥሎ በምሽት ክበብ ምት ላይ ቢጫን፣ ስም ተጠቅሶ ገንዘብም ተከፍሎ እንኳ፣ ዘማሪው ተበድሏል። ለሟች የተዜመን ለቀልድ ማዋልም እንደዚሁ። ባለቤቱ «አይሆንም» ካለ ዲጄው ሥራውን ማንሳት አለበት። የሪቻርድ ኤክስ ታሪክ ክልከላ የፈጠራ ሞት አለመሆኑን ያስተምራል።

«ፈቃድ ቢጠበቅ ግሬይ አልበም ባልተወለደ ነበር» የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ለዚህም ነው ሕጉ ለድቅል ቅንብርም ቀላልና ተመጣጣኝ የፈቃድ መንገድ ቢያበጅ የምደግፈው። እስከዚያው ድረስ ግን የሕጉ ጠባብነት ሰውን ላለመጠየቅ ሰበብ ሊሆን አይገባም። በተለይ ዘፋኙ በሕይወት ካለና ስልኩ በሁለት ሰው በኩል የሚገኝ ከሆነ።

ለምን «ድቅል»?

«ጥምር» ብንለው ባለቤቶቹ ተስማምተው አብረው የሠሩት ይመስላል። «ቅይጥ» ደግሞ ምንጩ የማይለይ ነገርን ያሳስባል። «ድቅል» በግብርናው ዓለም ከሁለት የታወቁ ዘሮች ለተገኘ አዲስ ዘር የምንጠቀምበት ቃል ነው፤ የሁለቱም ወገን ጠባይ ይታይበታል። «ቅንብር» የሚለው የዲጄውን ድካም ይገልጻል። አጻጻፉም እንዲህ ይሁን፦ «ድቅል ቅንብር በዲጄ እከሌ፤ ድምፅ የእገሊት፣ ሙዚቃ የእገሌ፣ በባለቤቶቹ ፈቃድ።» ፈቃድ ካልተገኘም «ያለ ፈቃድ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ይህን መስመር ለመጻፍ የሚያፍር ዲጄ ሥራውን ከመልቀቁ በፊት መጠየቅ ያለበት ሰው አለ ማለት ነው።